በርናባስ፤ ለሰው ዋስ የሆነው ሐዋርያ

በአገራችን ልማድ ኀዘን ወደ ገባበት ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል። ቃሉ መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ከመደጋገሙ የተነሣ ከመነሻው ትርጓሜ ርቆ፥ ማጽናናት ማለት እንባ ማበስና አብሮ መቀመጥ ብቻ መስሎ ይታያል። ማጽናናት ግን «ጸና» ከሚለው ቃል የተወለደ ነው። የጸና ማለት የቆመ፥ የማይናወጥ፥ ሸክም የሚችል ማለት ነውና፥ ሰውን የሚያጽናና ሰው የወደቀውን የሚያቆም፥ የሚንገዳገደውን የሚደግፍ ነው እንጂ፥ በወደቀበት አጠገብ ተቀምጦ የሚያለቅስለት ብቻ አይደለም።

የሐዋርያት ሥራ የተጻፈበት የግሪክ ቋንቋ ይህን ነገር ይልቁን ያብራራዋል። በዚያ ቋንቋ የማጽናናት ስም የወጣው ሰውን ወደ አጠገብ ከመጥራት ነው፤ ጰራቅሊጦስ የሚለውም የመንፈስ ቅዱስ ስም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። መጽሐፋችን ይህን ስም በዮሐንስ ወንጌል «አጽናኝ» ብሎ ሲተረጕመው፥ በዮሐንስ መጀመሪያ መልእክት ግን ስለ ጌታችን በተነገረበት ስፍራ «ጠበቃ» ብሎታል። ሁለቱም ትክክል ነው። በግሪኮች ሸንጎ ጰራቅሊጦስ ይባል የነበረው ተከሳሹ በዳኛ ፊት ሲቆም አጠገቡ ቆሞ የሚናገርለት ሰው ነበረና። የእኛም ሰው የዚህን ነገር ክብደት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻውም። በቀድሞው ሥርዓታችን ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር፤ ዋስ ያገኘ ግን እጁን አስፈትቶ ይሄድ ነበር። ዋሱ የሚሰጠው ምክርና ምስጋና አልነበረም፤ ስሙንና ሀብቱን ነበር እንጂ።

ሐዋርያት ከመካከላቸው አንዱን ሰው በርናባስ፥ ይኸውም «የመጽናናት ልጅ» ብለው በሰየሙት ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰው ማየታቸው ነው። የተወለደባት አገር ቆጵሮስ፥ ነገዱ ሌዊ፥ የቀድሞ ስሙም ዮሴፍ ነበረ። ዛሬ ግን ዮሴፍ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ሥራው ያወጣለት ስም እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ዋጠው። ሰባክያን ስለ እርሱ ሲናገሩ ብዙ ጊዜ መሬቱን ሸጦ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ማኖሩን አንሥተው በዚያው ያበቃሉ። ያ ትልቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ መሬት የሸጠው እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ስሙንም ያገኘው በገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም። በኋላ የሰጠው ነገር ከመሬት ይልቅ የሚከብድ ነበረ።

ይህም የሆነው ሳውል ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ነው። ዘመኑ ከ40 ዓመተ ምሕረት አስቀድሞ ነበረ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ የኛ አቆጣጠር ተብለው ካልተለዩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሳውል በደማስቆ መንገድ ከተጠራ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ የኢየሩሳሌም ምእመናን ግን የሚያውቁት የቀድሞውን ሳውልን ነው። እስጢፋኖስ ሲወገር የወጋሪዎቹን ልብስ የጠበቀ እርሱ ነው። ከቤት ወደ ቤት እየገባ ወንዱንም ሴቱንም እየጐተተ ወደ ወኅኒ ያገባ እርሱ ነው። አባቷ የታሰረባት ልጅ፥ ባሏ የተሰደደባት ሴት በዚያች ከተማ ነበሩ። እንግዲህ ይህ ሰው መጥቶ «እኔም ከእናንተ ወገን ነኝ» ቢል፥ ፈርተው መሸሻቸው የእምነት ጕድለት ተብሎ አይነቀፍም። ሰላይ በምእመን ስም ይገባል፤ ማኅበሩን ዐውቆ፥ ቤቱን ለይቶ፥ በሌሊት ወታደር ያመጣል። ይህን ዓይነት ነገር በጠላት ዘመን የኛም ሰው አይቶታል።

በርናባስ ግን ይዞት ወደ ሐዋርያት ሄደ። ነገሩን በቸልታ እንዳናልፈው ይገባል፤ በርናባስ ቢሳሳት ኖሮ የሚጠፋው የእርሱ ስም ብቻ አልነበረም፥ የወንድሞቹም ነፍስ ነበረ እንጂ። ደግሞም ሉቃስ እንደ ጻፈው፥ በሐዋርያት ፊት ሳውልን አላሞገሰውም፤ ዐዋቂ ነው፥ ከገማልያል እግር ሥር የተማረ ነው፥ ብዙ ይጠቅመናል አላለም። ሳውል በመንገድ ጌታን እንዴት እንዳየ፥ ጌታም እንደ ተናገረው፥ በደማስቆም በድፍረት እንደ ሰበከ ተረከላቸው። ይህ የምስክር ቃል ነው እንጂ የውዳሴ ቃል አይደለም። እንዲህ ለመመስከርም አስቀድሞ ከሳውል ጋር ተቀምጦ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማዳመጥ ግድ ይሆንበታል። ሌላው ሁሉ ሲሸሸው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሰማው።

ይህን ድፍረት ከየት አመጣው? ሉቃስ በኋላ ስለ እርሱ ሲናገር ደግ ሰው፥ መንፈስ ቅዱስና እምነት የሞላበት ነበረ ይለዋል። ደግነት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ለሳውል ዋስ መሆን ሞኝነት በሆነ ነበር፤ ደግ ሰው ብዙ ጊዜ ይታለላልና። በርናባስ ግን የተማመነው በሳውል ጠባይ አይደለም፤ አሳዳጁን ሰባኪ ማድረግ ለእግዚአብሔር ይቻለዋል ብሎ በማመኑ ነው። ሁሉም በአፉ «ለእግዚአብሔር የሚሳነው የለም» ይላል፤ አንድ የታወቀ በደለኛ ሰው በራችንን ሲያንኳኳ ግን ያን ቃል አምነን እንደ ሆነ ወይም እንዳላመንን ይታወቃል። ውዳሴ ከንቱ የሚሰጥ ሰውም ከበርናባስ የሚለየው በዚህ ነው፤ የሚናገረው ለሚያምንበት ነገር አይደለም፥ በቃሉም የሚከፍለው ዕዳ የለበትም።

ከዚህ በኋላ ሳውል ሊገድሉት ስለ ፈለጉ ወንድሞች ወደ አገሩ ወደ ጠርሴስ ሰደዱት፤ በዚያም ለዓመታት ስሙ ሳይነሣ ቆየ። በዚህ መካከል በእስጢፋኖስ ምክንያት የተበተኑት ምእመናን እስከ አንጾኪያ ደረሱ፤ ከእነርሱም የቆጵሮስና የቀሬና ሰዎች ለግሪኮች መስበክ ጀመሩ። ያልተፈቀደ፥ ያልተለመደ ሥራ ነበረ። ወሬው በኢየሩሳሌም ሲሰማ ነገሩን እንዲያይ በርናባስን ላኩት። መርማሪ ሆኖ የተላከ ሰው ስሕተት ፈልጎ ማግኘት አይቸግረውም፤ እንዲያውም ስሕተት ሳያገኝ ቢመለስ ሥራውን ያልሠራ ይመስለዋል። በርናባስ ደርሶ የእግዚአብሔርን ጸጋ ባየ ጊዜ ደስ አለው ተብሎ ተጽፎአል። ሌሎች ባስጀመሩት፥ ስማቸው እንኳ ባልተጻፈ ሰዎች ሥራ ደስ አለው፤ በልባቸው ቈርጠው ከጌታ ጋር ይኖሩ ዘንድ መከራቸው።

ሥራው ሲበዛ ደግሞ ሌላ ነገር አደረገ። በአንጾኪያ የመጀመሪያው መምህር፥ የኢየሩሳሌምም እንደራሴ ሆኖ መቀመጥ ሲቻለው፥ ተነሥቶ ሳውልን ሊፈልግ ወደ ጠርሴስ ሄደ። የባሕሩን ወሽመጥ ዞሮ ለሚጓዝ እግረኛ የብዙ ቀን መንገድ ነው። መልእክተኛ አልላከም፤ ራሱ ሄዶ ፈልጎ አገኘውና አመጣው። አንድ ዓመት ሙሉ በአንድነት አስተማሩ፤ ደቀ መዛሙርትም መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት በዚያች ከተማ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ በቀላውዴዎስ ዘመን፥ በ46 ገደማ፥ ራብ በሆነ ጊዜም የአንጾኪያ ምእመናን ለይሁዳ ወንድሞች ያዋጡትን ገንዘብ በሁለቱ እጅ ላኩት። ቀድሞ ሲያሳድዳቸው ለነበሩት ለእነዚያ ቤቶች ሳውል እርዳታ ተሸክሞ ተመለሰ።

የሐዋርያትን ሥራ በማስተዋል የሚያነብ ሰው ከዚህ ቀጥሎ ትንሽ የምትመስል ነገር ያገኛል፤ ይህችውም የስሞቹ ተራ ናት። ከአንጾኪያ ሲላኩ «በርናባስና ሳውል» ተብለው ተጠሩ። በቆጵሮስ በጳፉ ከተማ በአገረ ገዢው በሰርግዮስ ጳውሎስ ፊት ከቆሙ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ጳውሎስ ነው። ያውም ቆጵሮስ የበርናባስ የትውልድ አገሩ ነበረች! ልስጥራ ላይ ሕዝቡ በርናባስን ድያ፥ ጳውሎስን ሄርሜን ብለው ሊሠዉላቸው በተነሡ ጊዜና በ49 ገደማ በኢየሩሳሌም በተደረገው ጉባኤ የበርናባስ ስም ተመልሶ ይቀድማል፤ የኢየሩሳሌም ሰዎች የሚያስቡት አሁንም የቀድሞውን ታላቅነት ስለ ሆነ ይመስላል። ነገር ግን መንገዱ ታውቆአል። ደግፎ ያስነሣው ሰው በለጠው። በርናባስም በዚህ ምክንያት አንዲት የማጕረምረም ቃል መናገሩ አልተጻፈም።

ይህ የማጽናናት ሥራ ከሁሉ የሚከብድበት ስፍራ ነው ብንል አንሳሳትም። ሰውን ከወደቀበት ማንሣት ለሚያነሣው ክብር ይሰጠዋል፤ ያነሡት ሰው ቀድሞ ሲሄድ ማየት ግን ሌላ ልብ ይጠይቃል። ስንት የቅኔ መምህር የገዛ ደቀ መዝሙሩ ጉባኤ ሲሰፋ ጠላው! ስንት የቢሮ አለቃ የሠለጠነለትን ጸሓፊ ከደረጃው እንዳይወጣ ወረቀቱን በሣጥን ቈለፈበት! እኛ «አይዞህ» ለማለት የምንፈጥነው ከእኛ በታች ለቆመ ሰው ነው። እኩያችን ሲሆን ቃሉ ይከብደናል፤ ሲበልጠንም ከነጭራሹ ይጠፋናል። ከእስር ተፈትቶ ሥራ ለሚፈልግ ሰው፥ ከትምህርት ቤት ለኮበለለ ተማሪ፥ በመጠጥ ለተዋረደ ካህን ምክር የሚሰጥ ሞልቶአል፤ «በእኔ ይሁንባችሁ፥ ቅጠሩት፥ መልሱት» የሚል ግን እጅግ ጥቂት ነው። ምክር በነጻ ነው፤ ዋስትና ግን ያስከፍላል።

አሁን ወደ ማርቆስ እንመለስ። ዮሐንስ የተባለው ማርቆስ የበርናባስ ዘመድ ነበረ፤ እናቱ ማርያም በኢየሩሳሌም ምእመናን ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ቤት ባለቤት ነበረች። በመጀመሪያው መንገድ ሁለቱን ሐዋርያት ሊያገለግል አብሮ ሄዶ ነበረ፤ ነገር ግን የጵንፍልያ ክፍል በሆነችው በጴርጌን ተለይቶአቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ሉቃስ ምክንያቱን አልጻፈም። ጳውሎስ ግን ነገሩን እንደ ኩብለላ ቈጠረው፤ ስለዚህ ከጉባኤው በኋላ ሁለተኛውን መንገድ ሲያስቡ በርናባስ «ማርቆስን እንውሰደው» ቢል፥ ጳውሎስ እንቢ አለ። ጽኑ ክርክር ሆነ፤ እርስ በርሳቸውም ተለያዩ። ጳውሎስ ሲላስን መርጦ በሶርያና በኪልቅያ በኩል ሄደ፤ በርናባስም ማርቆስን ይዞ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ሄደ።

በዚህ ክርክር ማን እውነት ነበረው? ጳውሎስ ያለ ምክንያት አልተናገረም። ከጴርጌን በኋላ የነበረው መንገድ የሞት መንገድ ነበረ፤ በልስጥራ ራሱ ተወግሮ የሞተ መስሏቸው ከከተማ ውጭ ጐትተው ጥለውታል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ አንድ ሰው ጥሎ ቢሄድ የሌሎቹ ነፍስ ያልፋል። በርናባስን የሚነቅፉ ሰዎችም «ለዘመዱ አዳላ» ይላሉ፤ በአገራችን የዘመድ ሥራ ምን ያህል እንደ በደለን የምናውቅ ሰዎች ይህን ነቀፋ በቀላሉ ልንጥለው አንችልም። ነገር ግን አንድ ነገር ይመልስለታል። ከዓመታት አስቀድሞ በኢየሩሳሌም ለሳውል የቆመው ሳውል ዘመዱ ሆኖ አይደለም። ለማርቆስ ያደረገው ለሳውል ያደረገውን ነው፤ ልዩነቱ በዚህ ጊዜ ከተቃዋሚዎቹ ወገን የቆመው ራሱ ሳውል መሆኑ ነው። ያኔ በዋስ የዳነ ሰው ዛሬ ለሌላው ዋስ አልቀበልም አለ። ይህን የምለው ሐዋርያውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ታላላቅ ሰዎችም ቢሆኑ የተደረገላቸውን ለማድረግ ጊዜ እንደሚያስፈልጋቸው ያሳያልና ነው።

በርናባስንም ነውር የሌለበት አድርጎ መሣል እውነቱን ማጕደል ነው። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች እንደ ጻፈው፥ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር መብላትን ትቶ ባፈገፈገ ጊዜ፥ በርናባስ ሳይቀር አብሮ ተሳበ። «ሳይቀር» በሚለው ቃል ውስጥ የጳውሎስ ኀዘን ይሰማል። የሰውን ሁሉ ልብ የሚሰማ፥ ማንንም ማሳዘን የማይወድ ሰው አንዳንድ ጊዜ በሰው ፊት እውነትን ይዞ መቆም ያቅተዋል። ይህ ለአጽናኝ ሰው ቅርብ የሆነ ፈተና ነው። አሕዛብን በደስታ የተቀበለ ሰው ከማዕዳቸው ሲነሣ፥ በዚያ ማዕድ የነበሩት ምን እንደ ተሰማቸው መገመት አያስቸግርም። ያን ቀን እነርሱን ያጸናቸው የጳውሎስ ተግሣጽ ነበረ፤ አንዳንድ ጊዜ ተግሣጽም ማጽናናት ነውና።

ማርቆስስ ምን ሆነ? ጳውሎስ በእስር ሆኖ ወደ ቈላስይስ ሲጽፍ ማርቆስ ከእርሱ ጋር አለ፤ ወደ እነርሱም ቢመጣ ይቀበሉት ዘንድ አዘዛቸው። ለፊልሞና በጻፈው ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ቈጠረው። ለሞት በቀረበበት ወራት ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት ደግሞ ማርቆስን ይዞት ይመጣ ዘንድ ለመነው፤ ለአገልግሎት ይጠቅመዋልና። ቀድሞ «አይሄድም» ያለው ሰው በመጨረሻ «ይምጣልኝ» አለ። ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ ማርቆስን ልጄ ይለዋል፤ ከጥንት ጸሐፊዎችም ፓፒያስ ማርቆስ የጴጥሮስ አስተርጓሚ እንደ ነበረና ከእርሱ የሰማውን እንደ ጻፈ ተናግሮአል። በጴርጌን የተመለሰው ጐልማሳ ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ ሆነ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ታሪክ ወደ እኛ የሚደርስበት መንገድ ከዚህ ይጀምራል። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ እንደ መዘገበው ትውፊት፥ በግብፅ አስቀድሞ የሰበከና የእስክንድርያን ቤተ ክርስቲያን የመሠረተ ማርቆስ ነው። እኛም በዓሉን ሚያዝያ 30 ቀን እናከብራለን። በርናባስ ባይወስደው ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም፤ የሆነው ግን ይህ ነው። በዚያው በማርቆስ መንበር ከ328 ጀምሮ የተቀመጠው አትናቴዎስ ነበረ፤ በዘመኑም አንድ የጢሮስ ሰው ከአክሱም ወደ እርሱ መጣ።

የዚህን ሰው፥ የፍሬምናጦስን ታሪክ ሩፊኖስ ከወንድሙ ከኤድስዮስ አፍ እንደ ሰማው ጽፎታል። ሁለቱ ልጆች ተጓዦቹ በወደብ ከተገደሉ በኋላ በምርኮ ወደ ንጉሡ መጡ፤ በቤተ መንግሥት አድገው፥ ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ በመንግሥቱ ሥራ እንዲረዷት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስ በዚያን ጊዜ ያደረገው ነገር ከበርናባስ ሥራ ጋር የሚመሳሰል ነው። ለንግድ ከመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖች የሆኑትን ፈልጎ አገኛቸው፤ የሚጸልዩበትን ቤት ይሠሩ ዘንድ አበረታታቸው፥ ቦታም ሰጣቸው፥ የሚያስፈልጋቸውንም አሟላላቸው። ነጋዴ ወደ ባዕድ አገር ሲመጣ እምነቱን በጓዙ ውስጥ ሸሽጎ ይመጣል፤ ፍሬምናጦስ ግን ከጓዛቸው አስወጣው።

በኋላ ኤድስዮስ ወደ ጢሮስ ሲሄድ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወረደ። የሄደው ለራሱ ሹመት አልነበረም፤ ለተሰበሰቡት ክርስቲያኖች ጳጳስ ይላክላቸው ብሎ ሊለምን ነበር። አትናቴዎስም ከካህናቱ ጋር ተቀምጦ ነገሩን ካዳመጠ በኋላ ሌላ ሰው አልፈለገም፤ ለማኙን ራሱን ሾሞ መልሶ ላከው። በምርኮ ያደገ፥ በትምህርት ቤታቸው ያልታወቀ ሰው ነበረ። ለዚህም ሹመት ዋጋ ነበረው። በ356 ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ቁስጥንጥዮስ አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳድዶ፥ ወደ አክሱም ነገሥታት ወደ ኢዛናና ወደ ሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስን የሾመው አትናቴዎስ ነውና ወደ ግብፅ ተልኮ በአዲሱ ሹም በጊዮርጊስ ፊት ይመርመር አለ። ደብዳቤውን ለእኛ ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው፤ ለንጉሡ በጻፈው መከላከያ ውስጥ አስገብቶታል። ዋሱ ሲከሰስ፥ ዋስ የሆነለትም አብሮ ተከሰሰ።

ፍሬምናጦስን የአገራችን ሰው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብሎ ጠራው። ከእርሱ ጀምሮ፥ ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ በኛ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፥ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆነው እስከ ተሾሙ ድረስ፥ ከ1600 ዓመት ያህል ጳጳሳችን የሚመጣው ከማርቆስ መንበር ነበረ።

በርናባስ በቆጵሮስ በስልማና በሰማዕትነት እንዳረፈ ትውፊት ይናገራል። የቆጵሮስ ሰዎችም በንጉሠ ነገሥቱ በዜኖን ዘመን (474–491) መቃብሩ በተገኘ ጊዜ የማቴዎስ ወንጌል በደረቱ ላይ ተቀምጦ እንደ ነበረ ይተርካሉ። የሐዋርያት ሥራ ግን ስለ እርሱ የሚናገረው የመጨረሻ ነገር፥ ሌላው ያልተቀበለውን ጐልማሳ ይዞ በመርከብ መግባቱን ነው።